«ብሬክ ኒው ግራውንድ»፦ አካፋ ሲሆንና ፈር ሲሆን

መተርጎም በጀመርኩ ሰሞን አንድ አጭር ዜና እጄ ገባ። አንድ ድርጅት ሆስፒታል ሊሠራ ነው። የእንግሊዝኛው ዋና ዓረፍተ ነገር «ብሮክ ግራውንድ ኦን ኤ ኒው ሆስፒታል» ይላል። እኔ «ድርጅቱ በሆስፒታል ሥራ አዲስ ፈር ቀደደ» ብዬ ጻፍኩ። ለጆሮዬ ስለጣመኝ መለስ ብዬ እንኳ አላየሁትም።

አርታኢዋ ደወለችልኝ። «ምንድን ነው የቀደደው? ገና መሠረቱ እየተቆፈረ እኮ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ዜናው የሚለው ግንባታው መጀመሩን ብቻ ነው። እኔ ግን አንድ ታማሚ እንኳ ያልተኛበትን ቤት ፈር ቀዳጅ ብዬ አሞገስኩት። አንባቢው የሌለ ነገር እንዲያምን ማድረግ ቀላል ጥፋት አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲህ «ብሬክ ግራውንድ» ወይም «ብሬክ ኒው ግራውንድ» (ቃል በቃሉ «አዲስ መሬት መስበር») የሚለውን የእንግሊዝኛ አባባል ሳገኝ ቆም እላለሁ። ቆም ብዬ የማደርገውን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

«ኒው» የማን ናት?

መጀመሪያ «ኒው» የምትለዋን ቃል ፈልጉ። «ብሬክ ግራውንድ» ያለ እሷ ከመጣ፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ እውነተኛ አፈር ነው። አካፋ ተነሥቷል ወይም ቡልዶዘር ገብቷል። ግንባታ ተጀመረ ማለት ነው፤ በቃ። «ብሬክ ኒው ግራውንድ» ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ አፈርም አካፋም የለም። ሰው ያልሞከረው ነገር ተሞከረ፣ ያልተገባበት ነገር ተገባበት ማለት ነው።

በእኔ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ኒው» ነበረች። ግን የሆስፒታሉ እንጂ የመሬቱ አልነበረችም። እኔ ከቦታዋ አንሥቼ «ግራውንድ» ፊት አቆምኳት። ጥፋቱ ሁሉ ይኸው ነው።

ቀጥላችሁ መስተዋድዱን እዩ። «ኦን» ብሎ ድልድይ፣ ትምህርት ቤት ወይም ፋብሪካ ካስከተለ፣ ግንባታ ነው። «ኢን» ብሎ ሕክምናን፣ ሙዚቃን ወይም ሥነ ሕንፃን ካስከተለ፣ ምሳሌያዊው ነው።

«ግራውንድብሬኪንግ» ስትመጣ ጥያቄው ይለወጣል። ስም ናት ወይስ ቅጽል? ስም ከሆነች የግንባታ ማስጀመሪያው ሥነ ሥርዓት ናት። ቅጽል ሆና ጥናት፣ ፊልም ወይም ቀዶ ሕክምና ከገለጸች፣ ፈር ቀዳጅ ማለት ናት። ከ«ሴሬሞኒ» (ሥነ ሥርዓት) በፊት ከመጣች ግን ቅጽል ብትመስልም አካፋው አለ።

ይህ ሁሉ ካልረዳችሁ አንድ ሌላ መንገድ አለ። ቀኑን ጠይቁ። አካፋ የተነሣበት ነገር ቀንና ቦታ አለው። የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት የሆነው የፔንታጎን ግንባታ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1941 ነው። የኢሪ ቦይ ቁፋሮ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1817፣ በኒው ዮርክ ግዛት ሮም በምትባል ቦታ ነው። ምሳሌያዊው ግን እንዲህ በአንድ ቀን የሚታሰር አይደለም። ዓይነ ስውራን በጣታቸው የሚያነቡትን የብሬይል ጽሑፍ አስቡ። ሉዊ ብሬይል ሥርዓቱን በ15 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1824 ገደማ አዘጋጀ፤ ያሳተመው በ1829 ነው። አዲሱን መሬት የሰበረው የትኛው ቀን ላይ ነው? መልስ የለውም፤ ደግሞም አያስፈልገውም።

የመሠረት ድንጋዩን ከየት አመጣችሁት?

ቃል በቃሉ የሆነውን ስትተረጉሙ አንድ ወጥመድ አለ። «ብሮክ ግራውንድ» ሲባል እጃችን ቶሎ ብሎ «የመሠረት ድንጋይ አኖሩ» ይላል። ለጆሮ የለመደ ነው። ግን በእንግሊዝኛው ሥነ ሥርዓት ላይ ድንጋይ የለም። ሰዎቹ ሄልሜት አድርገው፣ አካፋ ይዘው፣ የመጀመሪያውን አፈር ይገለብጣሉ። ድንጋይ የሚቀመጥበት ሥነ ሥርዓት በእንግሊዝኛ የራሱ ስም አለው፤ «ኮርነርስቶን ሌዪንግ» ይባላል። የአሜሪካ ምክር ቤት የሚሰበሰብበት የካፒቶል ሕንፃ ድንጋይ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 18 ቀን 1793 ሲቀመጥ ያኖረው ጆርጅ ዋሽንግተን ነው። ያ ድንጋይ ነው። የፔንታጎኑ አካፋ ነው።

ስለዚህ ጽሑፉ ድንጋይ ካላለ፣ እናንተም ድንጋይ አታምጡ። «ግንባታው ተጀመረ» በቂ ነው። ሥነ ሥርዓት መሆኑ ግልጽ ከሆነ «የግንባታ ማስጀመሪያ ሥነ ሥርዓት ተካሄደ» በሉ። ውል ወይም የግንባታ ሰነድ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። እዚያ ላይ «ብሬክ ግራውንድ» ቁፋሮ የሚጀመርበትን ቁርጥ ጊዜ ሊያመለክት ይችላል። ድንጋይ በማኖርና ቁፋሮ በመጀመር መካከል ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ያ ልዩነት ተዋዋዮችን ሊያጣላ ይችላል።

ለምን «ሰበረ»?

እንግሊዝኛ ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ይህን ነው። መሬት እንዴት ይሰበራል?

ቃሉ ከግንባታ በፊት የእርሻ ነው። ታርሶ የማያውቅ ወይም ሳይታረስ የከረመ መሬት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታረስ እንግሊዝኛ «ብሬክ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በትንቢተ ሆሴዕ ምዕራፍ 10 ቁጥር 12 ላይ «ብሬክ አፕ ዮር ፋሎው ግራውንድ» የሚል አለ። የከረመውን መሬታችሁን እረሱ ማለት ነው። በአሜሪካ መካከለኛው ሜዳ የሰፈሩ ገበሬዎች ደግሞ ሣር የወረሰውን ምድር ሲያርሱ ሥራቸውን «ብሬኪንግ» ነበር የሚሉት። የሣሩ ሥር ተቆላልፎ ምንጣፍ ሆኗል። አፈሩ ደግሞ ማረሻ ላይ ይለጠፋል። ጆን ዲር የሚባል አንጥረኛ እ.ኤ.አ. በ1837 በኢሊኖይ ግዛት የተወለወለ የብረት ማረሻ ሠርቶ ዝናው የወጣው፣ አፈሩ ከማረሻው ላይ እየተንሸራተተ ስለሚወርድ ነው።

ይህን ስታውቁ የቃሉን ክብደት ታገኛላችሁ። አዲስ መሬት መስበር ቀላል ነገር መጀመር አይደለም። ተቆላልፎ የቆየ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ መገልበጥ ነው። ከኋላ የሚመጣው በዚያው ላይ ይዘራል።

ደስ የሚለኝ እዚህ ላይ አማርኛ ዘመድ ይዞ መገኘቱ ነው። «ፈር ቀዳጅ» እንላለን። ፈር ማለት ማረሻ ያለፈበት መስመር ነው። ፈር የቀደደ ሰው ባልታረሰ መሬት ላይ የመጀመሪያውን መስመር ያወጣ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይነጋገሩ ከአንድ ማሳ ላይ ቃል አንሥተዋል። ለዚህ ነው «አዲስ መሬት ሰበረ» የሚል ትርጉም ሳይ የምናደደው። ቤት ውስጥ ያለ ቃል ትቶ ከጎረቤት መበደር ነው። አማርኛ የሚሰብረው ክብረ ወሰን ነው፣ ዝምታ ነው፣ ልብ ነው። መሬቱን ያርሳል፣ ይገምሳል፣ ያቀናል፤ ፈሩን ደግሞ ይቀድዳል።

ነገሬን ካነሣሁ አይቀር አንድ ልጨምር። «ፈሩን ለቀቀ» እንላለን፤ ነገር ከመስመር ሲወጣ። «ዴሊሪየም» የሚለው የሕክምና ቃል፣ የአእምሮ መቃዠት፣ ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ «ከፈር ወጣ» ማለት ነው። ላቲን ተናጋሪውም የሚያስበው በማረሻ መስመር ነበር።

መሬቱን በስሙ ጥሩት

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ምሳሌያዊውን ስትጠቀሙ፣ በእንግሊዝኛም ሆነ በአማርኛ፣ መሬቱ ምን እንደነበረ መናገር መቻል አለባችሁ። ከዚህ ሰው በፊት ያልታረሰው ምንድን ነው? ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ካልቻላችሁ አባባሉን ተዉት። «አዲስ» ወይም «ጥሩ» በሉ፤ ያ ምንም አይጎድልበትም።

ብሬይልን እንደገና ውሰዱ። ከእሱ በፊት ሻርል ባርቢዬ የሚባል ሰው በጣት የሚነበብ የነጥብ ጽሑፍ ሠርቶ ነበር። እስከ 12 ነጥብ ይጠቀማል፤ የሚጽፈውም ድምፅን እንጂ ፊደልን አልነበረም። ስለዚህ «ብሬይል በነጥብ በመጻፍ ፈር ቀደደ» ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ ያ መሬት ተነክቷል። ብሬይል ነጥቦቹን ወደ 6 አወረዳቸው። አንድ ምልክት በአንድ የጣት ጫፍ ሥር ሙሉ በሙሉ ገባ። እያንዳንዱ ምልክትም ፊደል ሆነ። በ6 ነጥብ 63 የተለያዩ ምልክቶች ይወጣሉ፤ ለፊደሉም ለሥርዓተ ነጥቡም ለቁጥሩም ይበቃል። ዓይነ ስውር ሰው እንደማንኛውም ሰው ፊደል በፊደል የሚያነብበትና ራሱም የሚጽፍበት መንገድ፤ ያልታረሰው መሬት ይህ ነበር። ስሙን ስትጠሩት ለባርቢዬም የድርሻውን ትሰጣላችሁ።

ሌላው የምወደው ምሳሌ ከስፖርት ነው። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ ኦሎምፒክ አሜሪካዊው ዲክ ፎስበሪ በከፍታ ዝላይ ወርቅ አገኘ። 2.24 ሜትር ዘለለ። የዓለም ክብረ ወሰን ግን በቫለሪ ብሩሜል ስም እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ 2.28 ሜትር ነበር። ፎስበሪ አልሰበረውም። ታዲያ ለምን እሱን እናስታውሳለን? በጀርባው ስለዘለለ ነው። የዘመኑ ምርጥ ዘላዮች ፊታቸውን ወደ ዱላው አድርገው ነበር የሚያልፉት። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ፣ በጭንቅላቱ ቀድሞ አለፈ። ዛሬ የዓለም ታላላቅ ዘላዮች ሁሉ እንደዚያ ነው የሚዘልሉት።

ልዩነቱን አያችሁ? ክብረ ወሰን መስበር በታረሰ መሬት ላይ ብዙ ማምረት ነው። አዲስ መሬት መስበር ሌላው ሁሉ የሚያርስበትን መክፈት ነው። በእንግሊዝኛ ሁለቱም «ብሬክ» ይላሉ። ተማሪ ይህን ያምታታል። «ሺ ብሮክ ዘ ሬኮርድ» ያለ ሰው «ሺ ብሮክ ኒው ግራውንድ» ማለቱ አይደለም።

ስትጽፉት የምትሰናከሉበት

«ኤ ኒው ግራውንድ» አትበሉ። በዚህ አባባል ውስጥ «ግራውንድ» አይቆጠርም፤ «ኤ» አይገባም። «ኒው ግራውንድስ» ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ይሆናል። «ግራውንድስ» በብዙ ቁጥር ምክንያት ወይም ሕጋዊ መነሻ ማለት ነው። አንድ ተማሪዬ «ዘ ሎየር ብሮክ ኒው ግራውንድስ» ብላ ጽፋ ጠበቃው አዲስ የክርክር ምክንያት አመጣ ለማለት ፈልጋ ነበር። ሁለቱ ሐሳቦች ተጋጭተው አንዱም ሳይገባ ቀረ።

ግሡ «ብሬክ፣ ብሮክ፣ ብሮክን» እያለ ይሄዳል። «ብሬክድ» የለም። «ግራውንድብሬኪንግ»ን አንድ ቃል አድርጋችሁ ጻፉ። በመካከል ሰረዝ ያለበትም ታገኛላችሁ፤ ስሕተት አይደለም፤ ግን በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንዱን መርጣችሁ ጽኑ።

«ከቨር ኒው ግራውንድ» ደግሞ መንትያ ይመስላል እንጂ አይደለም። ስብሰባ ላይ ያልተነሣ ርዕስ ተነሣ ማለት ነው። ሰው ያላሰበው ነገር ታሰበ ማለት አይደለም።

ጎረቤቶቹ

ስለ ፈጠራ የሚነገሩ ሌሎች አባባሎች አሉ። ሁሉንም «ፈር ቀዳጅ» ብሎ መጠቅለል ይቀናል። እኔ ለየብቻ ማስቀመጥን እመርጣለሁ።

«ከቲንግ ኤጅ» የቢላ ስለት ነው። ቃል በቃሉ የሚቆርጠው ጫፍ። በምሳሌው ዛሬ ከሁሉም ፊት ያለ፣ የመጨረሻው አዲስ ማለት ነው። ከ«ግራውንድብሬኪንግ» የሚለየው በጊዜ ነው። ስለት ይዶለድማል። የዛሬው የመጨረሻ አዲስ ነገ ተራ ይሆናል። ፈር የቀደደ ግን ከ200 ዓመት በኋላም ፈር ቀዳጅ ነው። የብሬይል ሥራ ዛሬ «ከቲንግ ኤጅ» አይባልም፤ «ግራውንድብሬኪንግ» ግን አሁንም ነው። አንዱን ቃል በሌላው ቦታ ስታስገቡ ይህን አስቡ። በአማርኛ «በዘመኑ እጅግ የረቀቀ» ወይም «የመጨረሻው ዘመናዊ» ይሻላል።

«ፑሽ ዘ ኤንቨሎፕ» ስትሰሙ ፖስታ አይደለም። በአቪዬሽን «ኤንቨሎፕ» አንድ አውሮፕላን ሳይጎዳ የሚበርበት የፍጥነት፣ የከፍታና የጫና ወሰን ነው። የሙከራ አብራሪዎች ያን ወሰን እየገፉ ይፈትሹታል። በአማርኛ «ከገደቡ አለፈ» ካላችሁ ወቀሳ ይሆናል፤ ሰውየው ባለጌ ሆነ ይመስላል። «የሚቻለውን እስከ ጥግ ፈተነ» በሉ።

«ብሌዝ ኤ ትሬይል» የጫካ ነው። መንገድ የሚያወጣ ሰው የዛፉን ልጥ በመጥረቢያ ይልጠዋል። ነጩ እንጨት ይታያል። ከኋላ የሚመጣው ያን ምልክት እያየ ይሄዳል። «ብሌዝ» የፈረስ ግንባር ላይ ያለው ነጭ ምልክትም ነው። እኛ ቦቃ የምንለው። ለዚህ «ፋና ወጊ»ን የሚያህል አላገኘሁም። ሰው ስትገልጹበት ይመቻል። «ፈር ቀዳጅ»ን ለሥራውም ለሰውም እላለሁ፤ «ፋና ወጊ»ን ለሰው እና ለተቋም እተወዋለሁ። ይህ የእኔ ምርጫ ነው፤ ሕግ አይደለም።

«ብሬክስሩ» ደግሞ የሚሰበረው መሬት ሳይሆን እንቅፋት ነው። ለዓመታት የቆመ ጥናት በድንገት ሲፈታ። ከፊቱ ግድግዳ ነበረ፤ ፈረሰ። «ትልቅ እመርታ» የሚለው በደንብ ይሸከመዋል።

የማስታወቂያ ጽሑፍ ሲመጣ

አሁን አሁን «ግራውንድብሬኪንግ» የማይባል ዕቃ የለም። ቀለሙ የተቀየረ ስልክም፣ ጠርሙሱ የተቀየረ ሻምፑም ይባላል። ያኔ እኔ ደንበኛዬን እጠይቃለሁ። «ከዚህ ዕቃ በፊት ያልነበረው ምንድን ነው?» ብዬ እጽፍላቸዋለሁ። መልስ ካላቸው መልሱን እተረጉመዋለሁ፤ «ፈር ቀዳጅ» ከሚለው ቃል ይልቅ ያ መልስ ገዢውን ያሳምናል። መልስ ከሌላቸው «አዲስ» እለዋለሁ። ይህን ሳደርግ የተቀየመኝ ደንበኛ አለ። ሥራውን ሌላ ሰው ሰጠ። ግን ቃሉን በየሻምፑው ላይ ከለጠፍነው ለእነ ብሬይል ምን እንላለን? ለዚህ ነው የምጨነቀው።

ሁለቱም አንድ ላይ ሲመጡ

ከሁሉም የሚከብደው ተናጋሪው ሆን ብሎ ሁለቱን ሲያገናኝ ነው። የግንባታ ማስጀመሪያ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። አካፋው በእጁ ነው፤ ቃሉ በአፉ ነው፤ የማይጠቀምበት ተናጋሪ ጥቂት ነው። በጽሑፍ ከሆነ ጊዜ አላችሁ። በቃል ስታስተረጉሙ ግን ሴኮንዶች ናቸው ያሏችሁ።

አንድ ጊዜ የትምህርት ቤት ግንባታ ሲጀመር አስተረጉም ነበር። ተናጋሪዋ አፈሩን ገልብጣ ቀና አለችና «ቱዴይ ዊ ብሬክ ግራውንድ፣ ኤንድ ዊ ብሬክ ኒው ግራውንድ» አለች። የመጀመሪያውን ወዲያው ሰጠሁ፦ «ዛሬ ግንባታውን እንጀምራለን»። ሁለተኛው ላይ ግን አፌን ያዝኩ። የአርታኢዋ ድምፅ መጣብኝ፤ ምንድን ነው የሚቀደደው? ሰዎች ዘወር ብለው አዩኝ። ተናጋሪዋ ቀጠለች። መስማት የተሳናቸውና የሚሰሙ ልጆች በአንድ ክፍል የሚማሩበት፣ መምህራኑ ሁሉ የምልክት ቋንቋ የሚችሉበት፣ በአካባቢው የመጀመሪያው ትምህርት ቤት እንደሚሆን ተናገረች። ያኔ ነው ማይኩን አፌ ላይ የመለስኩት። «ፈርም እንቀድዳለን» አልኩ፤ ከዚያ ያልታረሰው መሬት ምን እንደሆነ እሷ እንዳለችው ተናገርኩ።